የሱሉልታ ድርቆሽና የተማሪ እጅ

የአዲስ አበባ ልጅ ወተት ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቁት «ከሱቅ» ይላል እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ ቢያረጅም ነገሩ አላረጀም። ከተማዋን እንደ መቀነት የከበቧት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከደጃችን ያሉ ሆነው ሳለ፣ ከመካከላችን እነዚህን ስፍራዎች ከመኪና መስኮት ባሻገር የሚያውቃቸው ስንቱ ነው? የወላጆቹን ቤት ለመጠየቅ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሁሉ በአንዱ በኩል ያልፋል፤ ያልፋል እንጂ አይወርድም።

በዚህ ጽሑፍ የሽርሽር ወሬ ለማውራት አልተነሣንም። ባለፈው ጥቅምት ዐሥራ አንድ ጓደኛሞች ሆነን ወደ ሱሉልታ ወጥተን፣ በአንድ ገበሬ ቤት ሁለት ቀን ድርቆሽ ስናጭድ ውለናል። ከዚያ ወዲህ በመኝታ ቤትና በምግብ ቤት ብዙ ክርክር ተነሣ። «ተማሪ ገበሬ ቤት ሄዶ ምን ይረዳል? እንግዳ ሆኖ እንጀራ ከመጨረስ በቀር!» ያሉን አሉ። ክርክሩ ባዶ ስላልሆነ መልሱን ባጭሩ ሳይሆን በዝርዝር ለማስረዳት ወደድን፤ ገበሬው እርስ በርሱ እንዴት እንደሚረዳዳ፣ ይህ መረዳዳት ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነና ምን እንደሚያሰጋው፣ በመጨረሻም ተማሪ በዚህ መካከል ምን ስፍራ እንዳለው።

ሦስቱ መንገዶች

ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦና በነቀምቴ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ በጐጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም በሸዋ ደጋ ላይ ያሉ፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር፣ እንደየአፈሩም ጤፍ የሚበቅልባቸው ናቸው። ቡራዩ ለአዲስ አበባ ውኃ ካቀረቡት ግድቦች ቀደምት የሆነው የገፈርሳ ግድብ ያለበት አካባቢ ነው። ሰበታን ሰው የሚያውቃት በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷና በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ነው፤ ከወጨጫ ተራራ በስተ ምዕራብም መናገሻ ሱባ የተባለው ጥንታዊ ደን አለ። ሱሉልታ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ስማቸው በዓለም የገነነ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት።

የእንጦጦ ተራራ የውኃ መክፈያ መሆኑን ብዙዎቻችን በጂኦግራፊ ትምህርት ሰምተናል። በደቡብ ፊቱ የወረደ ዝናብ በአዲስ አበባ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን ፊቱ የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አድርጐ በሙገር በኩል ዐባይን ይቀላቀላል። ሜዳው ዝቅ ያለና አፈሩ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃው ይተኛበታል። መረሬ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ እንደ ጭቃ ማጥ ይይዛል፤ በሬም ሰውም አያራምድም። ስለዚህ ገበሬው ከፍ ከፍ ያለውን መሬት ያርሳል፤ ረባዳውን ግን ሣር እንዲያበቅል ይተወዋል። ከብት በክረምት ወራት እንዳይገባበት ይከለከላል፤ ሣሩ አድጎ፣ ከውስጡም ማገጥ የሚባለው መልካም የከብት መኖ አብሮ አብቦ፣ መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ይታጨዳል። የሱሉልታ ድርቆሽ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ሣር ለአዲስ አበባ ወተት ነው። በአገራችን ዘመናዊ የወተት ከብት እርባታ መነሻው በ1947 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች በሰጠ ጊዜ ነው ይባላል። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ብዙ ገበሬ አንድ ሁለት ዲቃላ ላም አለው። የፈረንጅ ደም ያለባት ላም ብዙ ትታለባለች፤ ብዙም ትበላለች። ፉርሽካና ፋጉሎ በገንዘብ ይገዛል፤ ሰበታ አካባቢ ያለውም የቢራ አተላ ያመጣላታል፤ ዋናው ሆድ የሚሞላው ግን በድርቆሽ ነው። ጾም ሲገባ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የከተማው ሰው ወተት መግዛት ሲተው ላሟ መብላቷን አትተውም። ገበሬው ያን ጊዜ ወተቱን ንጦ ቅቤና አይብ ያደርገዋል፤ ላሟን የሚያሻግራትም በጥቅምት የከመረው ሣር ነው። የጥቅምት ሥራ ከተበላሸ የመጋቢት ወተት የለም ማለት ነው።

ደቦና ወንፈል

ታዲያ ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ አጭር ነው። ቀድሞ ከታጨደ ያልተቈረጠ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ሣሩ አፍርቶና አርጅቶ አገዳ ብቻ ይሆናል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡት አይሞላም። በዚያው ወር ገብሱም «እጨዱኝ» ይላል። አንድ አባወራ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያደርስ አይችልም። መልሱን አባቶቻችን ያወጡት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው፤ ደቦና ወንፈል።

ብዙ ተማሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። ወንፈል ቈጠራ ያለበት ነው። እኔ ዛሬ ለአንተ አንድ ቀን ከሠራሁ አንተ በሌላ ጊዜ አንድ ቀን ትመልስልኛለህ፤ ሰው ለሰው፣ በሬ ለበሬ፣ ቀን ለቀን። የሚገናኙት ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ አቅማቸው የተመጣጠነ ጐረቤታሞች ናቸው። ደቦ ግን ጥሪ ነው። ባለ ጉዳዩ ቀን ቈርጦ ሰፈሩን ይጠራል፤ የተጠራው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ባለ ጉዳዩ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማን ስንት እንዳጨደ የሚጽፍ የለም፤ ነገር ግን ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛ መልክም አለው፤ ባሏ ለሞተባት፣ ለታመመና ለደከመ ሰው ሰፈሩ ሳይጠራም ወጥቶ የሚሠራው፣ ብድሩ የማይጠበቀው። በኦሮምኛ ተናጋሪው አገርም እንዲሁ ነው፤ ጂጊ የሚባለው ወደ ደቦ፣ ዳዶ የሚባለው ወደ ወንፈል ይቀርባል። ባለ አንድ በሬ ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ የሚያርሱበት መቀናጆም ከዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሀብት ማለት ምንድን ነው? መሬቱና ላሟ ብቻ አይደሉም። በጥቅምት ስትጣራ የሚመጡልህ ሰዎች ብዛት ነው። ይህ ሀብት በገበያ አይሸጥም፤ በባንክ አይቀመጥም፤ በአንድ ቀንም አይገኝም። አንተ ለሌላው የወጣህባቸው ቀናት ተጠራቅመው የሚሰጡት ነው።

በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቹ

ይህን ነገር የእኛ ብቻ አድርጎ የሚያየው ካለ አንድ የሩቅ ምሳሌ እንጨምርለት። በአሜሪካ፣ ይልቁንም በፔንሲልቫኒያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች አሉ። ምንጫቸው በ1525 እ.ኤ.አ. በዙሪክ የተነሣው፣ ሕፃን አይጠመቅም፣ ክርስቲያንም ሰይፍ አይመዝም የሚለው እንቅስቃሴ ነው። በ1693 እ.ኤ.አ. ያኮብ አማን የተባለው መሪ በስዊስና በአልዛስ ከቀሩት ተለይቶ ወጣ፤ ተከታዮቹም በስሙ ተጠሩ። በአውሮፓ ስለ ተሳደዱ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዛሬ በአውሮፓ አንድም የአሚሽ ማኅበር አልቀረም፤ በሰሜን አሜሪካ ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 400,000 ደርሰዋል።

አሚሾች በጋሪ ይሄዳሉ፤ መኪና አይገዙም፤ ከመንግሥት የኤሌክትሪክ መሥመር ቤታቸውን አያገናኙም። ብዙ ጐብኚ ይህን እንደ ትርዒት ሊያይ ይሄዳል። ከስሩ ያለው አስተሳሰብ ግን ከትርዒቱ ይበልጣል። አሚሾች መሣሪያን ሁሉ የሚጠሉ አይደሉም። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ማኅበሩ ተሰብስቦ «ይህ ነገር ጐረቤትን ከጐረቤት ያቀራርባል ወይስ ያለያያል?» ብሎ ይመክርበታል። በዚህም ምክንያት ኦርድኑንግ የሚሉት ያልተጻፈ ደንባቸው ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በላንካስተር ትራክተር በጐተራው አጠገብ ሞተሩን ለማሽከርከሪያ ይፈቀዳል፤ በማሳ ላይ ግን አይነዳም፤ በማሳው ድርቆሽ ማሰሪያውን ማሽን በሞተር አስነሥተው በፈረስ ያስጐትቱታል። ወተት ገዢዎች «ካልቀዘቀዘ አንቀበልም» ባሉ ጊዜም በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ፈቅደዋል። ስልክም ቢሆን ከቤት ውስጥ ወጥቶ በመንገድ ዳር በትንሽ ጐጆ እንዲቆም አድርገዋል።

የአንድ አሚሽ ጐተራ ቢቃጠል መቶዎች ተሰብስበው በአንድ ቀን ያቆሙለታል። ወንዶቹ ይመታሉ፣ ሴቶቹ ያበስላሉ። ከውጭ ላየው ደቦ ነው። በዚህም ስለሚተማመኑ የመድን ድርጅት አይገቡም፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1965 እ.ኤ.አ. በግላቸው የሚሠሩትን ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ነፃ አድርጓቸዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆቻቸው ከስምንተኛ ክፍል በኋላ እንዲማሩ እንዳይገደዱ ወሰነ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች መራራ ጥያቄ ያስነሣል። እነርሱ ማኅበራቸውን ያቆዩት ልጃቸውን ከትምህርት በማስቀረት ነው። እኛ ደግሞ የተማረውን ልጅ ከማሳው እናወጣለን፤ አይመለስም። ከሁለቱ የትኛው ዋጋ ይከብዳል? እኛ የመጀመሪያውን አንመርጥም። አንዲት የሱሉልታ ልጅ ሐኪም እንዳትሆን የሚከለክል ደንብ ደንብ አይባልም። ነገር ግን ሁለተኛውን ያለ ክፍያ ያገኘነው አድርገን መቍጠር አይገባንም።

ለአገራችንም ይህ ወገን እንግዳ አይደለም። የአሚሾች የሥጋ ወንድሞች የሆኑት ሜኖናይቶች ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1945 እ.ኤ.አ. ለዕርዳታ ሥራ መጥተው በአዳማ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በናዝሬት፣ የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታልን አስተዳድረዋል፤ ከሥራቸውም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቷል። ደርግ በ1974 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያኑን በዘጋ ጊዜ ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቆዩ፤ በ1983 ዓ.ም. ሲከፈትም ከተዘጋበት ጊዜ ብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ። ሕንፃው ሲወሰድ የጸናው ጉርብትናው ነበር ማለት ነው።

የድርቆሽ ሥራ

ወደ ሱሉልታ እንመለስ። ሥራው በማለዳ፣ ጤዛው ገና ሳይነሣ ይጀመራል፤ እርጥብ ሣር ለማጭድ ይመቻል። አጫጆቹ በአንድ መሥመር ይሰለፋሉ፤ በቀኝ ጫፍ ያለው ሥራ ዐዋቂ ነው፤ እርምጃውን የሚወስነውም የሚያዜመውም እርሱ ነው። የተቀረው ተቀብሎ ይከተላል። ዜማው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ክንድ እኩል እንዲሄድና ማጭድ ከጐረቤት እግር እንዳይደርስ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ግራ እጅ ሣሩን ይጨብጣል፤ ቀኝ እጅ ማጭዱን ከሥር፣ መሬት ሳይነካ ወደ ራስ ይስባል። ማጭድ በየጊዜው በሞረድ ይሳላል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ከወገቡ ይልቅ በጕልበቱ እንዲያጐነብስ ይመከራል፤ ምክሩን ያልሰማ በማግስቱ ጫማውን ማሰር አይችልም።

የታጨደው ሣር በረድፍ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። በማግሥቱ በመንሽ ይገለበጣል። ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ካለፈበት በኋላ ተሰብስቦ ይከመራል። ትልቁ ጥበብ መቼ እንደሚከመር ማወቅ ነው። እርጥበት ይዞ ከተከመረ ውስጡ ይሻግታል፤ ይሞቃልም፤ በጣም የሞቀ ክምር ከራሱ እሳት እስከ መነሣት ይደርሳል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ይቀራል። ለዚህ በቤተ ሙከራ መለኪያ አለው፤ በማሳው ላይ ግን የቤቱ አባወራ አንድ ጭብጥ ሣር አንሥቶ ያጣምመዋል፤ ድምፁን ሰምቶ «ነገ» ወይም «አሁን» ይላል። ክምሩም እንዲሁ አይወረወርም፤ ከመሬት በድንጋይና በእንጨት ከፍ ይደረጋል፣ መካከሉ እየተረገጠ እንደ ጐጆ ጣሪያ ሾጠጥ ብሎ ይወጣል፤ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ውኃው ላዩን ይንሸራተታል።

ከእኛ ሌላ የመጡት ጐረቤቶች ዘጠኝ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሚያጭደውን እኛ ሦስት ሆነን እናጭድ ነበር፤ በመከመሩና በመሸከሙ ግን ተስተካከልን፤ ለዚህ ወጣት ትከሻ ይበቃል። ቀትር ላይ እንጀራ በሽሮና በአይብ፣ ጠላና እርጎ ቀረበ፤ ማምሻውን ደግሞ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበት ጭኮ ከቡና ጋራ። ቀድመን ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቡናና ስኳር ይዘን ስለ ሄድን እማወራዋ በመጀመሪያ ተቈጥተው፣ ኋላም «ልጆቼ፣ እናንተም ወግ ታውቃላችሁ?» ብለው ሣቁ። ነገሩ ለደቦው ሥርዓት አስፈላጊ ነው። ጐረቤት የሚበላው እንጀራ በሌላ ቀን በሥራ ይመለሳል፤ እኛ ግን በኅዳር ለገብሱ አንመጣም፤ ፈተና አለብን። ብድር የማይመልስ ሰው ስንቁን ይዞ ካልሄደ በደቦ ስም ድሀ ቤት ተቀልቦ ተመለሰ ማለት ነው። «ተማሪ እንጀራ ይጨርሳል» ላሉን ጓደኞቻችን መልሳችን ይህ ነው፤ እውነታችሁን ነው፣ ስለዚህ እንጀራውን ይዞ ይሂድ።

ጥማድና ካሬ

በምሳ ሰዓት ስለ ትምህርታችን ከጠየቁን በኋላ ወሬው ወደ መሬት ዞረ። በዚያ አካባቢ ወሬ ሁሉ መጨረሻው መሬት ነው። አባወራው እንዲህ አሉን፤ «እኔ መሬቴን በጥማድ ነው የማውቀው። ከተማው ሲመጣ ግን በካሬ ይለካዋል። በካሬ ሲለኩት ጐረቤቴ የት ይገባል?»

ይህን ጥያቄ ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኛነትንም አስቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ግን ካሣ ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው ዓመታዊ ገቢ አማካዩ በዐሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ሽሮ፣ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛ ገቢ የተገኘበት ዓመት በ15 እንዲባዛ ደነገገ።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ፕላን የማቀናጀት ዕቅድ በተሰማ ጊዜ ተቃውሞው በመጀመሪያ የተቀጣጠለው እንደኛ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ከጊንጪ ተነሥቶ በሰፊው ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ጐረቤት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ተጠቃለሉ። ከተማ መስፋቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እኛም የምናድረው በአንድ ዘመን የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። ቤት የሚፈልግ ሠራተኛ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ ፋብሪካ የሚያስፈልገው አገር አለን።

የምንለው ሌላ ነው። የካሣውን ስሌት ደግመን እንየው። የሣሩ ዋጋ ተቈጥሯል፤ የገብሱም፣ የዛፉም፣ የቤቱም። በዐሥር ይባዛ በ15፣ ውጤቱ ገንዘብ ነው። በጥቅምት የሚመጡት ዘጠኝ ጐረቤቶች ግን በየትኛው ረድፍ ተጽፈዋል? ገበሬው ካሣውን ይዞ በአንድ በኩል፣ ጐረቤቱ በሌላ በኩል ሲሰፍር ወንፈሉ ይቀራል፤ መቀናጆው ይቀራል፤ እድሩ ይበተናል። ያን ጊዜ በነፃ ያገኘው የነበረውን ጕልበት ሁሉ በቀን ሙያተኛ ዋጋ ይገዛዋል። ብዙ ተነሺ ካሣው ቶሎ አለቀበት ሲባል «ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» እያልን እንፈርዳለን። ከፊሉ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋራ አብሮ ያጣውን ሀብት ስላልቈጠርንለት ፍርዳችን ጐደሎ ነው።

አሚሾችም ከዚህ ጭንቀት አላመለጡም። በላንካስተር የመሬት ዋጋ ስለ ናረ ዛሬ አብዛኛው ቤተ ሰብ በእርሻ አይተዳደርም፤ አናጢና ነጋዴ ሆኗል፤ ከፊሉም መሬት ወደሚረክስበት ክፍለ ሀገር ተሰዷል። ልዩነቱ እንዲህ ነው፤ ሲሄዱ ቡድን ሆነው ይሄዳሉ፤ በጋሪ ርቀት ተቀራርበው ይሰፍራሉ፤ ማኅበሩ አብሮ ይተከላል። በተጨማሪም የአካባቢው አስተዳደር ለባለ እርሻው ገንዘብ እየከፈለ፣ መሬቱ ለዘወትር እርሻ ሆኖ እንዲቀር ውል የሚያስገባበት ዘዴ አለ። መሬት የግል በሆነበት አገር የተገኘ ዘዴ እንዳለ ተገልብጦ ለእኛ አይሆንም። ሁለት አሳብ ግን መውሰድ ይቻላል። አንደኛው፣ ሰው ሲነሣ ሰፈር ሆኖ፣ ወንፈሉና እድሩ ሳይበተን እንዲሰፍር ማድረግ። ሁለተኛው፣ በከተማ ፕላን ላይ የወተትና የሣር ቦታ እንደ መንገድና እንደ ውኃ መሥመር አስፈላጊ ሆኖ በቀለም እንዲሠመር ማድረግ። የሱሉልታ ረባዳ መሬት ውኃ የሚተኛበት መሆኑን ገበሬው ያውቃል፤ ቤት ቢሠራበት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ መሐንዲስ ከእኛ መካከል መውጣት አለበት።

ተማሪ ምን ይዞ ይሂድ?

ተማሪና ገበሬ በአገራችን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተገናኝተዋል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዘመን የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪ ያደርገው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በየገጠሩ ተሰማሩ። ታላላቆቻችን የከፈሉትን መሥዋዕትነት አናቃልልም። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ተማሪው የሄደው ለመናገር፣ ለማስተማርና ለማደራጀት ነበር። ዝም ብሎ ለማጨድ የሄደው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ከሰው ጋራ አጐንብሶ የሠራ ሰው፣ ማታ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ከቆመው ይለያል። ስለ ጥማድና ስለ ካሬ የተነገረን በመጀመሪያው ሰዓት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ጥቅምት ለመውጣት ለሚያስቡ ወገኖቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ. ሳይጠሩ አይሄዱም። ከመካከላችን ቤተ ሰቡ በእነዚያ አካባቢዎች የሚኖር ጓደኛ አይጠፋም፤ በእርሱ በኩል ቀኑን ያስቈርጡ። ቀኑን የሚወስነው ሣሩና ባለቤቱ እንጂ የእኛ ዕረፍት አይደለም።

ለ. ቍጥራችሁ ከሥራው አይብለጥ። ዐሥር ሰው ይረዳል፤ አርባ ሰው ሣር ይረግጣል።

ሐ. ስንቅ ይያዝ፤ ነገር ግን ከገበታው አይለዩ። ይዞ መምጣት ወግ ነው፤ አልበላም ማለት ግን ስድብ ነው።

መ. ኦሮምኛ የማይችል ቢያንስ ሰላምታውን ይማር። «አካም ጅርቱ» ብሎ የገባ እንግዳና እጁን እያወዛወዘ የገባ እንግዳ አንድ አይደሉም።

ሠ. ሰው ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣ። ማሳው የሥራ ቦታ እንጂ የትርዒት አደባባይ አይደለም።

ረ. ከተቻለ ብድሩን በምንችለው ሙያ እንመልስ። የሕግ ተማሪ የካሣ አዋጁን በቋንቋቸው ሊያነብላቸው፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ላሟን ሊያይላቸው፣ የምሕንድስና ተማሪ የውኃ መውረጃውን አብሮ ሊቆፍር ይችላል። ወንፈል ማለት ቀን ለቀን ነው ብለናል፤ የእነርሱ ቀን ማጭድ ከሆነ የእኛ ቀን ደብተር ይሁን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። ምሳሌው ስለ ሎሚ ብቻ ከመሰለን ግን አልገባንም፤ ሃምሳው ሰው በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ ሎሚው እንደ ገና ሸክም ይሆናል። ነገ ከመካከላችን የከተማ ፕላን የሚያወጣ፣ ካሣ የሚያሰላ፣ በፍርድ ወንበር የሚቀመጥ ይኖራል። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ «የተነሺ ብዛት» የሚለውን ረድፍ ሲሞላ፣ የሚጽፈው የሰዎቹን ቍጥር ብቻ መሆኑን፣ ማን ከማን ጋራ እንደሚያጭድ ግን ረድፍ እንዳልተሠራለት ያስታውስ። ረድፉን የሚጨምረው ራሱ ቢሆንስ?